ከአባቱ በሰባት ዓመት የሚበልጥ ኮሚት

2018 በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት እናት የቅሬ ደብተራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ጸሐፊያችን ቤት መጡ። ዕዳ አለብዎት የሚል መልእክት ስልካቸው ላይ ገብቶ ነው። ኮምፒውተሩም ሲጠየቅ አዎ አለ። የአንድ ወር መዋጮ 50 ብር፣ መቀጮ 10 ብር፣ በድምሩ 60። ደብተሩ ግን ሌላ ነው የሚለው። ከመስከረም እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለቱም ወር ተከፍሏል፣ አሥራ ሁለቱም ላይ ፊርማ አለ።

«እኔ ባሌን ስቀብር እንኳ ያልተበደርኩ ሰው ነኝ» አሉ አሉ። ጸሐፊው ደወሉልኝ። ከድምፃቸው እንደተሸማቀቁ ያስታውቃል። በማግስቱ ሌሎች ሰባት ሰዎች መጡ። ገብቼ ሳየው የቅሬው አባል በሙሉ ባለዕዳ ሆኗል። ጸሐፊው ራሳቸውም ጭምር።

ቅሬ ለማታውቁ፣ ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው ወሎ ቅሬ የሚለው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ የሚወጣው ከቅሬ ነው። ደሴ ያለው የእኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለበት ነው፤ ቀብሩ መስጊድ ይሁን ቤተ ክርስቲያን፣ ድንኳን የሚተክለው ያው አንድ ሰው ነው። እና በዚህ ደብተር ላይ የሰው ስም ማበላሸት ቀልድ አይደለም። ያበላሸሁት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ይህን ለማወቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ በመሀልም አንድ ምንም የማያውቅ ሰው ወነጀልኩ።

የቅሬውን መዋጮ የሚመዘግበውን ፕሮግራም የጀመርነው ጥቅምት 2017 ነው። ሦስት ነን። እኔ ደሴ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ ሐይቅ። ክፍያ የለውም፣ ማታ ማታ የምንሠራው ነው። ኮዱን የምናስቀምጠው በጊት ነው። ጊትን የማይጠቀም ሰው ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ በአጭሩ፣ ኮድ ላይ የተደረገ ለውጥ ሁሉ ማን አደረገው፣ መቼ፣ ምን ብሎ የሚለው የሚመዘገብበት ነገር ነው። አንዷ ምዝገባ ኮሚት ትባላለች። ሊነስ ቶርቫልድስ በመጋቢት 1997 በእኛ አቆጣጠር፣ ለሊነክስ ከርነል (ለስርዓተ ክወናው እምብርት) ብሎ የጀመረው ነው። እኔ የምወድለት ነገር አንድ ነው፣ ታሪኩ በሙሉ የራስህ ኮምፒውተር ላይ ነው ያለው። ኔትወርክ ጠፍቶም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያለውን ማየት ትችላለህ። ደሴ ለሚኖር ሰው ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ወደ ነገሩ። ጸሐፊው ስልኩን እንደዘጉ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የገመትኩት ወዲያው ነው፤ መስከረም ላይ ብቅ ያለ የአንድ ወር ዕዳ ከጳጉሜ ሌላ ከየት ይመጣል? አንድ ሰው ጳጉሜን እንደ ወር ቆጥሮ ለአምስት ቀን 50 ብር አስከፍሏል። ፋይሉን ስከፍት እውነትም 12 መሆን የነበረበት 13 ሆኗል። አሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ለቱሪስት ጥሩ ነው፣ ለቅሬ መዋጮ ግን አይሆንም።

መልሼ 12 አደረግኩት። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እዚያ ላይ ብተወው ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ማን ነው ያደረገው የሚለው ነገር በላኝ። ጊት ብሌም የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ትርጉሙ በቀጥታ ወቀሳ ነው፣ እያንዳንዷን መስመር መጨረሻ የነካት ማን እንደሆነ ጎን ለጎን ይጽፍልሃል። ጠየቅኩት። የኮምቦልቻው ልጅ ነው አለኝ። ነሐሴ ላይ። መልእክቱም «ፋይሉን ማጽዳት» ይላል።

አቦ ማጽዳት!

ቴሌግራም ላይ ጻፍኩለት። ምን እንደጻፍኩ እዚህ አልደግመውም። «ሳታስብ ነው የምትነካው» የሚል ነበረበት፣ ከዚያ የባሰም ነበረበት። እሱ «እሺ ላየው» ብቻ አለ። ወሎዬ ተቆጥቶ ሲያጥር አስፈሪ ነው።

በዚያን ሌሊት ማስረጃዬን ላጠናክር ብዬ ጊት ሎግ ከፈትኩ። ይሄ ተራው የታሪክ ዝርዝር ነው፣ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች። ብዙ እንዳላነብ ከ2017 ጥቅምት ወዲህ ያለውን ብቻ አሳየኝ አልኩት፣ ማለትም ፕሮጀክቱ ከተጀመረ ወዲህ ያለውን ሁሉ። ከዚያ በፊት ምን ሊኖር? አንድ በአንድ አየሁ። 12ን 13 ያደረገ ኮሚት አላገኘሁም። የኮምቦልቻውን ኮሚት ከፍቼ ሳየው ደግሞ መስመሩ ከእሱ በፊትም 13 ነበር። እሱ ያደረገው የመስመሮቹን አገባብ ማስተካከል ነው፣ ባዶ ቦታ መጨመርና መቀነስ። ብሌም ይቺን ልዩነት ካልነገሩት አያውቃትም። መስመሩን መጨረሻ የነካው እሱ ነው፣ አለቀ። ባዶ ቦታን አትቁጠር የሚል አማራጭ አለው፣ አንዲት ደብሊው ፊደል ናት የምትጨመረው፣ ግን እኔ መች ጨመርኩ።

ስለዚህ ከኮምቦልቻው በፊት 13 ነው። መጀመሪያ ስንጀምር 12 ነበር። በመሀል የቀየረው ሰው ግን የለም። ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት። የለም። ወላሂ ጂን ነው ልል ምንም አልቀረኝም።

በማግስቱ ጠዋት ኮምቦልቻ መልስ ሰጠች። ሥዕል ነው የላከልኝ። የስክሪን ፎቶ፣ አንዷ መስመር በቀይ ተከባለች። ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ «ቀኑን ተወው፣ አባቱን እይ።»

ፎቶው ያው ሎግ ነው፣ ግን ግራፍ፣ ኦል እና ዋንላይን የሚሉ ሦስት አማራጮች ተጨምረውበት፣ ቀኑም በአጭሩ እንዲወጣ ተደርጎ። ግራፍ ስትለው ከኮሚቶቹ በስተግራ መስመር ይሥላል። ብራንች ሲወጣ፣ ማለትም ሥራው ከዋናው ተነጥሎ ጎን ለጎን ሲሄድ፣ መስመሩ ሁለት ይሆናል፣ ሜርጅ ሲደረግ፣ ማለትም ሁለቱ ሲቀላቀሉ፣ ተመልሶ አንድ ይሆናል። ኦል ስትለው ደግሞ አሁን የቆምክበትን ብቻ ሳይሆን ያለውን ብራንች ሁሉ ያመጣል። (ብራንችን ቅርንጫፍ የማልለው አውቄ ነው። ቅርንጫፍ ስል ሰው ሁሉ የባንክ እየመሰለው ተቸገርኩ።) በቀይ የተከበበችው ኮሚት በጎን በወጣ አጭር ብራንች ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከሥሯ አባቷ፣ ማለትም እሷ የተነሳችበት የቀድሞው ኮሚት አለ፣ ጥር 2017 አካባቢ፣ በፈረንጁ 2025 መጀመሪያ። የእሷ ቀን ግን 2017-06-12 ይላል። በፈረንጅ።

ልጅቷ ከአባቷ በሰባት ዓመት ተኩል ትበልጣለች።

ኮሚቷን ያደረገው ሰው ስም ደግሞ የእኔ ነው።

መጀመሪያ የመጣብኝ ነገር ክህደት ነው። በ2017 በፈረንጁ እኔ ተማሪ ነበርኩ፣ ጊት የሚባል ነገር ስሙንም አልሰማሁ። ከዚያ ቁጥሩን በአማርኛ አነበብኩት። 2017፣ ወር 6፣ ቀን 12። የካቲት 12፣ 2017።

የካቲት 12ን የሚረሳ ሰው የለም። ጸሐፊው ቤት ነበርኩ። ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ ስለ 1929ኙ የግራዚያኒ ጭፍጨፋ ያወራል፣ ቡና ተፈልቷል፣ እኔ በቅሬው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ተቀምጬ መቀጮ የሚያሰላውን እየነካካሁ ነበር። የዚያ ኮምፒውተር የውስጥ ባትሪ ካለቀ ቆይቷል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል፣ መብራት ሲመጣ ጸሐፊው ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አይተው ቀኑን በእጃቸው ይሞሉለታል። ካላንደሩ የእኛ ነው። እሳቸው የሞሉት ትክክለኛውን የዛሬ ቀን ነው፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ተቀብሎ የፈረንጅ አደረገው። በዚያ ቀን የካቲት 12 ረቡዕ ነበር፣ ኮሚቷ ላይ ግን ሰኞ ይላል፣ ምክንያቱም ሰኔ 2017 የፈረንጁ 12ኛ ቀን ሰኞ ነው የዋለው። ኔትወርክ ስላልነበረም ማንም አላረመውም። ፑሽ ሳደርግ፣ ማለትም ኮሚቷን ድረ ገጹ ላይ ስጭናት፣ ኮምፒውተሩ የድረ ገጹን የደኅንነት ሰርተፍኬት አልቀበልም ብሎ አስቸግሮኝ ሰዓቱን እንዳስተካከልኩ አሁን ትዝ ይለኛል። ሰዓቱን አስተካከልኩ። ኮሚቷ ግን በልቧ የያዘችውን ቀን ይዛ ሄደች።

አሁን ተራው ሎግ ለምን እንደደበቃት ገባኝ። ነባሪው ዝርዝር ኮሚቶችን የሚያሰልፈው በቀን ነው። ሜርጅ ላይ ሲደርስ ሁለት አባት ያገኛል፣ ከሁለቱ አዲስ ቀን ያለውን ያስቀድማል፣ ሌላውን ተራ ያስጠብቃል። የእኔዋ 2017 የሚል የያዘች ስለሆነች ሁሉም ቀደማት። ጥር አለፋት፣ ኅዳር አለፋት፣ የፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ኮሚት ራሱ አለፋት። ከሁሉ በታች፣ ከመጀመሪያው ኮሚት ሥር ነው የተቀመጠችው። እኔ ደግሞ ከጥቅምት ወዲህ ብዬ ስለገደብኩ ጭራሽ አልታየችም። ጊት አልዋሸኝም። የጠየቅኩትን መለሰልኝ።

ግራፍ ግን ልጅ ሳይታይ አባት አያሳይም፣ ሕጉ ነው። ቀን ምንም ቢል፣ ኮሚት የሚቀመጠው ከልጁ በታች ከአባቱ በላይ ነው። ለዚህ ነው የኮምቦልቻው ልጅ በአንድ ዓይን ያያት።

ይህን ስረዳ አያቴ ትዝ አለችኝ። እሷ ጋ አንድ ጎረምሳ ሲመጣ ስንት ዓመትህ ነው ብላ አታውቅም። «የማን ልጅ ነህ?» ነው። ከዚያ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ትደረድራለች፣ ምንጅላት ድረስ ትሄዳለች፣ ልጁ ራሱ ያላወቀውን ዘመድ አውጥታ ታስቀምጥለታለች። ዕድሜ ላይ ግን ስትመጣ ሁሉ ነገር ይንሸራተታል። ራሷን ስትጠየቅ ጣሊያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር ትላለች፣ በሌላ ቀን ደግሞ ጡት አልጣልኩም ነበር ትላለች። የአጎቴ ልጅ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው የተወለደው፣ በፊት ይሁን በኋላ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። አባቱ ማን እንደሆነ ግን ክርክር የለም።

ጊትም በውስጡ እንደዚያ ነው። ቀን ኮሚት ላይ የሚጻፍ ጽሑፍ ነው፣ ኮምፒውተሩ ያለውን ነው የሚጽፈው፣ ትክክል ይሁን አይሁን ጊት አያጣራም። አባት ግን በግምት አይጻፍም። ያ 40 ፊደልና ቁጥር ያለው ረጅም መታወቂያ ሲሰላ ቀኑም እንደተጻፈ ይገባል፣ የአባቱ መታወቂያም ውስጡ ይገባል፣ የአባቱ ሲሰላ ደግሞ የአያቱ። የእኛ አገር ስም እንደማለት ነው፣ እገሌ እገሌ እገሌ፣ ወደ ኋላ ብቻ የሚሄድ። ስሜን ብታዩ አያቴን ታውቃላችሁ፣ ልጄን አታውቁም። ኮሚትም ልጁን አያውቅም።

ታዲያ ብራንች ምንድን ነው? እኔ ለረጅም ጊዜ ትልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። የኮዱ ቅጂ፣ ሌላ ፎልደር ምናምን። ሐይቅ ያለው ልጅ ነው አንድ ቀን የተደበቀውን የጊት ፎልደር ከፍቶ ያሳየኝ። ብራንች ማለት 41 ባይት የሆነች ፋይል ናት። 40ው የአንድ ኮሚት መታወቂያ፣ አንዷ የመስመር መጨረሻ። ይኸው ነው። የቤተሰቡ የመጨረሻ ልጅ ላይ የሚጠቁም ጣት። ከእሱ ተነስተህ አባት በአባት ወደ ኋላ ትቆጥራለህ፣ ሄድ የሚሉት ደግሞ አንተ አሁን የትኛው ጣት ጋ እንደቆምክ ይናገራል። ጊት ብራንች ብለህ ስትጽፍ ያቺ ኮከብ የምታሳየው እሱን ነው።

እና ጣት ስለሆነች ብራንች ማጥፋት ኮሚት ማጥፋት አይደለም። ሐይቁ ልጅ አንዴ የሦስት ቀን ሥራ ያለበትን ብራንች ሰርዞ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። ሪፍሎግ ብሎ አገኘው። ሄድ የቆመበትን ሁሉ ጊት ለጊዜው ያስታውሳል፣ ካልነካካኸው በነባሪው ከማንም ጣት የማይደረስበትን ቢያንስ 30 ቀን፣ ሌላውን 90 ቀን። ለዐርባና ለሙት ዓመት እንኳ ይበቃል አልል፣ ለዐርባ እንኳ አይበቃም፣ ግን ለድንጋጤ ይበቃል።

ሌላ የወደድኩት አማራጭ ፈርስት ፓረንት ይባላል። ሜርጅ ኮሚት ሁለት አባት አለው ብያለሁ፤ ይሄ አማራጭ የመጀመሪያውን ብቻ ተከትሎ ይሄዳል። በአባት ወገን ብቻ መቁጠር ማለት ነው። ዋናውን መንገድ በፍጥነት ለማየት ግሩም ነው፣ በየብራንቹ ውስጥ የነበረውን ግርግር ሁሉ ይዘልልሃል። ግን ወሎ ላይ በአባት ብቻ የቆጠረ ሰው ግማሹን ነው የሚያውቀው። የእኔን ሐረግ በአባቴ ብትቆጥሩ ገብረ እና ወልደ ነው እስከ ላይ። በእናቴ ስትሄዱ ሦስተኛው ላይ ሙሐመድ፣ አራተኛው ላይ አሊ ይመጣል። ፋሲካም ዒድም ቤታችን ሰው የሚሞላው ለዚህ ነው። እና የእኔ የ13 ስህተት ያለችው የት ነበር? በሁለተኛው አባት በኩል። በፈርስት ፓረንት ብፈልግ ኖሮም አላገኛትም ነበር፣ ሜርጁን ብቻ ነበር የማየው።

በነገራችን ላይ መልእክቶቻችንን በአማርኛ ነው የምንጽፈው፣ ጊት ምንም ችግር የለበትም። የፋይል ስም በአማርኛ ካደረግክ ግን ስታተስ ላይ (የተለወጡትን ፋይሎች የሚዘረዝረው ትእዛዝ ነው) በቁጥርና በዝባዝንኬ ያወጣብሃል። ኮት ፓዝ የሚባለውን ቅንብር ማጥፋት ነው፣ ይስተካከላል። እኛ «መዋጮ» የሚል ፋይል አለንና ሁለት ሳምንት ፋይሉ የተበላሸ መስሎን ነበር።

ወደ ኮምቦልቻ የሄድኩት እሑድ ነው። በቴሌግራም ይቅርታ ማለት ይቻል ነበር፣ የሰደብኩትም በቴሌግራም ነው። ግን አላስቻለኝም። ሚኒባስ ይዤ ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ ከደሴ ብርድ ወጥተህ ኮምቦልቻ ስትደርስ ጃኬትህን የምታወልቅበት ቦታ የታወቀ ነው። ቤቱ ስደርስ እናቱ ቡና እያቀራረቡ ነበር። አቦል እስኪደርስ ስለ እግር ኳስ ነው ያወራነው። ቶናው ላይ «ተሳስቻለሁ» አልኩት። «አብሽር» አለኝ፣ ሲኒውን ሳያስቀምጥ። በረካው ላይ ላፕቶፑን አመጣና ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ። ቀኗን እናስተካክላት ወይ?

ይቻላል። ግን ቀኗን መቀየር ማለት መታወቂያዋ ይቀየራል ማለት ነው። የእሷ ከተቀየረ የሜርጁ ይቀየራል፣ ከዚያ የልጁ፣ ከዚያ የልጅ ልጁ፣ እስከ ትናንትና ድረስ ያለው ሁሉ። ሦስታችንም ያለንን ጥለን እንደ አዲስ ማውረድ ይኖርብናል። ለአንዲት ቀን ብለን ዘሩን በሙሉ ስም ልናወጣለት ነው ወይ? እኔ ትቆይ አልኩ። እሱም ትቆይ አለ፣ ግን ፈገግ ብሎ ነው፣ የእኔ ስም ያለባት መሆኗ ሳያስደስተው አልቀረም። ሁለታችንም የተስማማነው አንድ ነገር ላይ ነው። ከእንግዲህ ሎግ ብለን አንጽፍም፣ ግራፍና ኦል ያለበትን በአንድ አጭር ቃል አሳጥረን አስቀመጥነው። ቃሉም «ዘር» ነው። ጊት ዘር ስንል ሁሉም ይወጣል።

ሰኞ ዕለት ሰኞ ገበያ ሄጄ ሳንቲም የምታክል ክብ ባትሪ ገዛሁና ጸሐፊው ቤት ገባሁ። ለእኚያ እናት ራሳቸው ሄደው ይቅርታ እንደጠየቁ ነገሩኝ፣ እናትየውም እንጀራ አቅርበው እንደሸኟቸው። ዴስክቶፑን ፈትቼ ባትሪውን ቀየርኩ። ስከፍተው ቀኑ ጠፍቷል። ጸሐፊው ከኋላዬ ቆመው ካላንደሩን እያዩ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ኮምፒውተር በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። እርስዎ በእኛ ሲሞሉለት ነው የተሳሳተው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«2018 ነው» አሉ። «ምኑ ነው የተሳሳተው?»